አስተባባሪዋ በሩን ዘግታ ስትወጣ

እኔ የተማርኩት በተበላሸ ኮፒ ነው። ይህን የምለው ለማሳዘን አይደለም፤ ለመኩራራት ነው። የምሠራው ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። ማሽኑ ወረቀት ሲነክስ፣ ቀለም ሲያፈስ ወይም የገጹን ግማሽ ሲውጥ ባለጉዳዩ ደህና ደህናውን ይዞ ይሄዳል፣ የተበላሸው ለእኔ ይቀራል። ሌላ ሰው ቢሆን ይጥለው ነበር፤ እኔ አነብበዋለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ የውርስ ሕግ አውቃለሁ፣ ስለ ኩላሊት አውቃለሁ፣ ስለ ድልድይ አሠራርም ከመካከለኛው ምሰሶ ወዲህ ያለውን አሳምሬ አውቃለሁ። ከምሰሶው ወዲያ ያለውን ማሽኑ በልቶታል። ስለዚህ ሰው በጨዋታ መሀል ስለ ድልድይ ካነሣ ቶሎ ብዬ ጣልቃ እገባና ወሬው ወደ ማዶ ሳይሻገር ርዕስ እቀይራለሁ።

ቤተሰቦቼ «ጠበቃዋ» ይሉኛል። እያሾፉብኝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ውል መፈረም፣ ከቤት አከራይ ጋር መከራከር ወይም ሐኪም የሞነጫጨረውን ማንበብ ሲመጣ ወደ ማን እንደሚሮጡም አውቃለሁ። እናትና አባታችን ካረፉ ወዲህ ታናሽ እህቴን ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። ከሲታና ተናዳጅ ስለሆነች ሰፈሩ ሁሉ «ቃሪያ» ይላታል። እኔን «እትዬ» ነው የምትለኝ። ስትቆጣ ግን ምንም አትለኝም፤ ትዘጋኛለች።

ነገር የመጣው ቃሪያ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየ፣ የአንድ መነጽር ቤት መስተዋት በድንጋይ ያወረደች ዕለት ነው። አልሮጠችም። ፖሊሱ እስኪመጣ እዚያው ተገትራ ነበር። ለምን እንዳደረገችው ሲጠይቃት ትከሻዋን ነቀነቀች። እኔ ስጠይቃት ደግሞ ትከሻዋንም አልነቀነቀችልኝ። ከዚያ በፊት ከትምህርት ቤት እየጠፋች ተይዛ ስለነበር ጉዳዩ የወጣቶች ዳኛ ዘንድ ደረሰ። ዳኛው ሁለት መንገድ አስቀመጡ። ወይ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ለልጅቷ የሚሆን፣ ሁሉም የተስማማበት ዕቅድ ያቀርባል፤ ወይ ልጅቷ ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው የወጣቶች ማቆያ ትገባለች።

ማቆያውን በአውቶቡስ ሳልፍ አይቼዋለሁ። አጥሩ ረጅም ነው፤ ግንቡ ላይ ዙሪያውን ትልልቅ አበባ ሥለውበታል። አጥሩ አይደለም፣ አበባው ነው ያስፈራኝ። ሰው ደስ የሚል ቦታ ላይ ደስ ይበላችሁ ብሎ አበባ አይሥልም።

እንደ ዕድል ሆኖ ስለዚህ ዓይነቱ የቤተሰብ ስብሰባ የሚናገር መመሪያ እጄ ላይ ነበር። አንዲት ተማሪ ልታባዛው ስታመጣ ማሽኑ የፊት የፊቱን ገጽ ብቻ እያነሣ የጀርባውን ይዘል ስለነበር፣ ያ የተበላሸው ክምር ለእኔ ተርፏል። አንድ፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት እያለ ይሄዳል። ገጽ ሰባት «አስተባባሪዋ የሁሉንም ወገን ካዳመጠች በኋላ» ብሎ ያበቃል። ገጽ ዘጠኝ «ዕቅዱን ተቀብላ ለዳኛው ታቀርባለች» ብሎ ይጀምራል። በመሀሉ ምን ሊኖር ይችላል? እኔ እንደሆንኩ የጎደለ ገጽ አያስቸግረኝም፤ ከራሴ እሞላለሁ፣ ስሞላ ደግሞ አልሰስትም። አስተባባሪዋ ትሰማለች፣ አስተባባሪዋ ትወስናለች። ስለዚህ ማሳመን ያለብን አስተባባሪዋን ነው። አለቀ።

ቤተሰቡን ሰብስቤ ልምምድ ጀመርን። ቤተሰብ ስል ብዙ አይደለንም፦ ልብስ ሰፊዋ አክስቴ፣ እዚያው ግቢ ከኋላ የሚኖረው ታናሽ ወንድማቸው በያጁ አጎቴ፣ እኔ፣ ቃሪያ። ለእያንዳንዳቸው የሚናገሩትን ጽፌ፣ በደማቅ ቀለም አትሜ አከፋፈልኩ።

«ጋሼ፣ ያንተ ይሄ ነው» አልኩት አጎቴን። «‹እኔ በበኩሌ ለልጅቷ ሁለንተናዊ ዕድገት ሙሉ ኃላፊነት እወስዳለሁ።›»

«ሁለንተናዊ ምንድን ነው?»

«አንተ በለው ብቻ።»

«ምን እንደሆነ ለማላውቀው ነገር ኃላፊነት ልውሰድ?»

«ጋሼ!»

«እሺ፣ እሺ፣ ጠበቃዬ። መቼ ነው የምለው?»

«አስተባባሪዋ አይታህ ‹እርስዎስ?› ስትል።»

ለአክስቴ ብዙ ንግግር አልሰጠኋቸውም። «እርስዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። እኔ ‹የሟች እናቷ አደራ› ስል ያለቅሳሉ።»

«ይህማ ምን ያቅተኛል» አሉ። «ከአሁኑ ልጀምር?»

ቃሪያ የጸጸት ንግግሯን ተቀብላ አነበበችው። ፊቷ ላይ አንዲት ነገር አልተንቀሳቀሰችም። «ነጠላ ሰረዙ ላይ ልተንፍስ፣ ወይስ ዝም ብዬ ልጨርሰው?» አለች።

«ተንፍሺ። ያሳምራል።»

የእኔ ድርሻ ግን ዕቅዱ ራሱ ነበር። በእውነቱ ግሩም ሥራ ነው፤ አሁንም ቢሆን አላፍርበትም። ቃሪያ ከእኔ ጋር ትኖራለች። ጠዋት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ትነሣለች። ከትምህርት ቤት መልስ ኮፒ ቤት መጥታ ከጎኔ ተቀምጣ ታነባለች። እኔ እጠይቃታለሁ፣ እሷ ትመልሳለች። ለመዝናኛም ቦታ ሰጥቼዋለሁ፤ በመዝናኛ ሰዓት ጠቃሚ መጻሕፍት ታነባለች።

የስብሰባው ክፍል ፎቅ ላይ ነው። ክብ ጠረጴዛ አለ፤ አንደኛው እግሩ አጭር ስለሆነ ከሥሩ የታጠፈ ካርቶን ሸጉጠውበታል። የሻይ ፔርሙስ፣ ብስኩት የሞላ ሳሕን፣ የፊት መጥረጊያ ሶፍት ተደርድሯል። አስተባባሪዋ ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አይርቅም። ይህ አናደደኝ። ረጋ ያለች፣ ዝቅ ያለ ጫማ ያደረገች፣ ከነጀርባው የተማረች መሆኗ ከሩቅ የሚያስታውቅ ሴት ናት። ከጎኗ የመነጽር ቤቱ ባለቤት ተቀምጠዋል፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ወፍራም መነጽር አድርገዋል፣ ቦርሳቸውን እንደ ሕፃን ጭናቸው ላይ ይዘዋል።

«እንኳን ደህና መጣችሁ» አለች አስተባባሪዋ።

አክስቴ ማልቀስ ጀመሩ።

«አክስቴ፣ ገና ነው!» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«መጣብኝ፤ ምን ላድርግ ልጄ» አሉ፣ ሶፍቱን ወደ ራሳቸው እየሳቡ።

አስተባባሪዋ ለሁላችንም ሻይ ቀዳች። ማንኪያዋን ይዛ ወደ አጎቴ ዞረችና «እርስዎስ?» አለች።

ጋሼ ብድግ አለ። የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ። «እኔ በበኩሌ ለልጅቷ ሁለንተናዊ ዕድገት ሙሉ ኃላፊነት እወስዳለሁ።»

የአስተባባሪዋ ማንኪያ አየር ላይ ቀረ። «በጣም ጥሩ» አለች። «ስኳርስ?»

«ሁለት» አለና ተቀመጠ። ከዚያም ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «እንዴት ነበር?» አለኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ፎቅ ላይ ነን፣ ብትሰነጠቅም የምትጥለኝ ከሥራችን ያለው ገንዘብ ቤት ነው።

የመነጽር ቤቱ ሰውዬ የሆነውን ተናገሩ። የአንዲት አሮጊት ዐይን እየለኩ ነበር። መስተዋቱ እንደ ዝናብ ወረደ። ማንም አልተጎዳም፣ አሮጊቷ ግን እስከ ዛሬ መነጽራቸውን ሊወስዱ አልመጡም። «እኔም ከዚያ ወዲህ በደጃፌ ሰው ፈጠን ብሎ ሲያልፍ አንገቴ ወደ ውስጥ ይገባል» አሉ። ሲናገሩ ቃሪያ ጫማዋን ታይ ነበር።

ከዚያ ተነሥታ የጸጸት ንግግሯን አሰማች። ነጠላ ሰረዞቹ ላይ በሙሉ ተነፈሰች።

«ጥሩ ንግግር ነው» አሉ ሰውዬው። «ማን ጻፈልሽ?»

ቃሪያ በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች። እኔ ደግሞ፣ ይህን ስናገር ራሴን ልመታው ይቃጣኛል፣ «ጥሩ ንግግር» በመባሉ ደስ ብሎኝ ፈገግ አልኩ።

«እኔ ግን ንግግር አይደለም የፈለግሁት» አሉ። «ለምን የእኔን እንደመረጥሽ ብትነግሪኝ ነው የምፈልገው። ከግራዬ ጫማ ቤት አለ፣ ከቀኜ ዳቦ ቤት አለ። ሁሉም መስተዋት አላቸው።»

ትከሻ።

ጊዜው የእኔ እንደሆነ ተሰማኝ። ተነሣሁ፣ ወረቀቴን ዘረጋሁ፣ «ክብርት አስተባባሪ ሆይ» ብዬ ጀመርኩ። ድምፄ ያምራል፣ ይህን ጠላቴም ይመሰክራል። ወደ ሁለተኛው ገጽ ስገባ አስተባባሪዋ እጇን ቀስ አድርጋ አነሣች።

«ይቅርታ፣ ላቋርጥሽ። ይሄ ሁሉ ለእኔ መነገር የለበትም።»

«ለማን ነው ታዲያ?»

«ለእነሱ» አለች፣ አክስቴን፣ አጎቴንና ቃሪያን እያየች። «ማወቅ ያለባችሁን ሰምታችኋል። አሁን እኔና እሳቸው እንወጣለን፣ በሩንም እንዘጋለን። ዕቅዱን ብቻችሁን ሆናችሁ ታወጣላችሁ። እኔ የምመለሰው ስትጠሩኝ ነው። የምጠይቃችሁ ነገር ቢኖር ልጅቷ ደህና የምትሆንበት መሆኑንና ሁላችሁም የተስማማችሁበት መሆኑን ብቻ ነው።»

«እንዲህ የሚል መመሪያው ላይ የለም» አልኩ።

«ገጽ ስምንት ላይ አለ» አለች፤ ጨዋ ስለሆነች ምንም ሳትፈግግ።

ወጡ። በሩ ተዘጋ። አራታችን ተያየን። እኔ ያን ሁሉ ቀን ያሰለጠንኩት ጦር ጠላት የሌለበት ሜዳ ላይ ቆሞ ቀረ።

መጀመሪያ የተናገሩት አክስቴ ናቸው። «እንዴ! እንግዳ በር ላይ ይቆማል? ነውር አይደለም?» ብለው ተነሡና በሩን ከፈቱ። «ግቡ እንጂ፣ ምን አስወጣችሁ! ልጆቹ አፋቸው እንጂ ልባቸው ንጹሕ ነው።»

«እማማ፣ እኛ ውጪ መሆን አለብን። ሥራው እንዲህ ነው» ስትል አስተባባሪዋ ተሰማኝ።

«እንዲያ ከሆነ ባዶ አፋችሁን አትቁሙ» አሉና ተመልሰው ብስኩቱን ከነሳሕኑ አንሥተው ሰጧቸው።

«እታለም!» አለ ጋሼ። «አንድ እንኳን ሳልቀምስ?»

«ዝም በል። ሻይህን ጠጣ።»

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «እንቀጥል» አልኩ። የተለማመድኩት ለአስተባባሪዋ ስለነበር ሳላስበው ባዶ ወንበሯን እያየሁ ነው ያነበብኩት። «‹ልጅቷ ጠዋት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ተነሥታ…›»

«ማንን ነው የምታሳምኚው?» አለ ጋሼ። «ወንበሩን?»

«ጋሼ፣ አታቋርጠኝ። ‹ተነሥታ፣ ፊቷን ታጥባ…›»

«እኔ እትዬ ጋ አልኖርም» አለች ቃሪያ።

ድምፅዋ ትንሽ ነበር። ግን ክፍሉም ትንሽ ነው።

«ምን አልሽ?»

«አክስቴ ጋ ነው የምኖረው። ከፈቀዱልኝ።»

የአክስቴ ለቅሶ እንደ ተዘጋ ቧንቧ ቀጥ አለ። ጋሼ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«አክስቴ ጋ ምን አለ?» አልኩ።

«አክስቴ ሲሰፉ ስፒል በከንፈራቸው ይይዛሉ» አለች። «አያወሩም።»

ጋሼ ሻዩ ትን አለው። ጀርባውን የመታው ሰው አልነበረም፤ እኔ ልመታው አስቤ ሌላ ቦታው ላይ እንዳላሳርፍ ፈርቼ ተውኩት።

እኔ እንዴት እንደምናገር ታውቃላችሁ፤ ወረቀት ባይኖረኝም አይቸግረኝም። ስትታመም ማን እንዳደረ፣ ጫማ ማን እንደገዛ፣ ፀጉር ማን እንደሠራ፣ ትምህርት ቤት ማን እንዳስመዘገበ፣ አንድ በአንድ ዘረዘርኩ። ቃሪያ ሁሉንም በጭንቅላቷ አዎ አለች። አንዱንም አልካደችም። ይህ ይበልጥ አበሳጨኝ፤ የሚያምንልሽን ሰው ምን ብለሽ ትከራከሪዋለሽ?

«ታዲያ ምን በደልኩሽ?» አልኩ።

«ያን ቀን ትምህርት ቤት መጣሽ።»

«የወላጆች ቀን ነበር። መጣሽ ብለሽ ልትከሺኝ ነው?»

«መምህሩ ስለ ድልድይ እያስተማረ ነበር። ከኋላ ተነሥተሽ አረምሽው።»

«ተሳስቶ ነበራ!»

«እስከ ምሰሶው ድረስ አረምሽው። ከዚያ ‹እሺ፣ ከምሰሶው ወዲያስ?› ሲልሽ ስለ ኩላሊት ማውራት ጀመርሽ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። አንቺ የሳቁት በእሱ መስሎሽ ፈገግ ብለሽ እጅሽን አውለበለብሽላቸው።»

እውነቷን ነው፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የሳቁት በመምህሩ መስሎኝ ነበር። እንዲያውም ያኔ ፖሊሱ ሳይጠራኝ በፊት ቤት ደርሼ በመስተዋት ራሴን እያየሁ ያንን እጅ ማውለብለብ አንድ ሁለቴ ደግሜዋለሁ።

«ከክፍል ወጣሁ» አለች ቃሪያ። አሁን ስትናገር ማንንም አታይም። «ስሄድ ስሄድ መነጽር ቤቱ ጋ ደረስኩ። መስተዋቱ ላይ ያቺ ሴትዮ አለች።»

«የቷ ሴትዮ?»

«ትልቁ ፎቶ ላይ ያለችው። መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ አውርዳ፣ ጣቷን ቀስራ፣ መንገደኛውን ቁልቁል የምታይ። አንቺን ትመስላለች።»

«ውይ!» አለ ጋሼ። «እሷን ነው እንዴ? እኔ እኮ አንድ ቀን ሰላም ልላት ነበር!»

«ጋሼ!»

«እውነቴን ነው! ሞተር ብስክሌቴን አቁሜ ‹እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?› ልላት አፌን ከከፈትኩ በኋላ ነው ወረቀት መሆኗን ያየሁት።»

ድጋፍ ፍለጋ ወደ አክስቴ ዞርኩ። አክስቴ ጨርቅ ሲመርጡ እንደሚያደርጉት አንገታቸውን ጠመም አድርገው አዩኝ። «አፍንጫዋ ትንሽ ይበልጣል» አሉ፣ ሊያጽናኑኝ።

ተቀመጥኩ። ከዚያ በፊት ቆሜ እንደነበር ያወቅሁት ስቀመጥ ነው። በዚህ ጊዜ አስተዋይ ሰው ቢሆን ዝም ይላል። እኔ ግን ከውርስ ሕጉ አጠገብ ስለ አሳዳጊነት ያነበብኩት አንድ ገጽ ትዝ አለኝ፣ እሱ ደግሞ ሙሉ ገጽ ነበር።

«በሕግ አሳዳጊዋ እኔ ነኝ» አልኩ። «ያለ እኔ ፊርማ ምንም አይሆንም።»

ማንም አልተከራከረኝም። እውነት ነውና። ጋሼ የጠረጴዛውን ጠርዝ በአውራ ጣቱ አሸ።

«አዎ» አለ። «እምቢ ካልሽ ስምምነት የለም። ስምምነት ከሌለ ዳኛው ይፈርዳሉ፣ ቃሪያ እዚያ አጥር ውስጥ ትገባለች። ልትረቺ ትችያለሽ፣ ጠበቃዬ። ግን የምትረቺው ማንን ነው?»

አስተባባሪዋ ብትኖር ኖሮ አንድ ነገር ትል ነበር። «ሁላችንም እንረጋጋ» ትል ነበር፣ ወይም «ታላቅ እህትም የራሷ ስሜት አላት» ትል ነበር፤ እኔም በእሷ ላይ ተቆጥቼ እገላገል ነበር። በሩን አየሁት። ከበሩ ማዶ ብስኩት ሲቆረጠም ይሰማል። ያ ገጽ ስምንት የሚሉት ለካ ይሄ ነው፤ የምትቆጪበት የውጪ ሰው አይተዉልሽም።

ቃሪያ የጸጸት ንግግሯን ይዛ ጠርዙን በትንሽ በትንሹ ትቀዳለች። መስተዋት አውርዳ ፖሊስ እስኪመጣ ድረስ ንቅንቅ ያላለች ልጅ፣ አሁን የእኔን አፍ እያየች ወረቀት ትቀዳለች።

«ለምን ያህል ጊዜ?» አልኩ። ድምፄ አላማረም።

«እስክትናፍቂኝ።»

«ስንት ወር ማለት ነው?»

«እትዬ!»

«እሺ። እሺ ብያለሁ።»

አክስቴ አፍንጫቸውን ጠረጉ። «ቤቱስ ይበቃናል። ብቻ ጠበቃዋ እንዳታኮርፈን።»

«አላኮረፍኩም» አልኩ፤ ኮራፊ ሁሉ እንደሚለው።

ዕቅዱን የሚጽፍ ሰው ሲፈለግ ሦስቱም ወደ እኔ አዩ። ልማድ ነው። አዲስ ወረቀት አወጣሁና «‹የመኖሪያ አድራሻ ለውጥን በተመለከተ›» ብዬ ጀመርኩ።

«‹አክስቷ ጋ ትሄዳለች› በይው» አለች ቃሪያ።

«ያው እኮ ነው።»

«ያው ከሆነ የእኔን ጻፊው።»

ጻፍኩት። ጋሼ ጠዋት ጠዋት በሞተሩ ትምህርት ቤት ያደርሳታል፣ በሩን አልፋ ስትገባ እያየ። «‹ሁለንተናዊ› የሚለው ቢቀርስ?» ብሎ ለመነኝ። ቀረ። ቃሪያ ለመነጽር ቤቱ ሰውዬ ምክንያቱን በራሷ አፍ ትነግራቸዋለች፤ ከፈቀዱላት ቅዳሜ ከሰዓት እየሄደች መደርደሪያቸውን ትወለውላለች። ይህን ያመጣችው ራሷ ናት፤ እኔ አምስት ገጽ ጽፌ ሰውዬውን አንድም ቦታ ላይ አላስታወስኳቸውም ነበር።

«አሁን ስለ አንቺ» አለች። «‹እትዬ እሑድ እሑድ ትመጣለች። ስትመጣ ስለ ትምህርት አትጠይቅም። ሰውም አታርምም።›»

«ሰላም ማለትስ ይቻላል?»

አሰበችበት። በእውነት አሰበችበት። «ይቻላል።»

እጄ እየጻፈ ልቤ እያረመ ጨረስኩት። ነጠላ ሰረዝ እንኳን አልጨመርኩም።

በሩን ከፍተን ጠራናቸው። ሳሕኑ ባዶ ነበር፤ የሰውዬው ጢም ላይ ፍርፋሪ አለ። ቃሪያ ፊት ለፊታቸው ቆማ፣ ያለ ወረቀት፣ ስለ ፎቶዋ ሴትዮ ነገረቻቸው። ስትጨርስ «በእርስዎ አልነበረም» አለች። «አሮጊቷ ውስጥ እንዳሉም አላየሁም። ካወቅሁ በኋላ ነው የደነገጥኩት።»

ሰውዬው ዞረው እኔን አዩኝ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ በመሐረብ ጠረጉት፣ አደረጉት፣ እንደገና አዩኝ።

«እ…» አሉ። «አዲሱ መስተዋት ላይ ሌላ ፎቶ አደርጋለሁ።»

«አመሰግናለሁ» አልኩ፤ ሌላ ምን ይባላል?

«አንቺ ደግሞ ቅዳሜ ነዪ» አሏት። «መደርደሪያውን። የዐይን መለኪያውን ግን አትነኪም።»

ዕቅዱን የማነብበው እኔ ነኝ። ቆምኩ። ለምጄው የነበረው ድምፅ አልመጣም፤ ተራ ድምፅ ነው የመጣው። አክስቷ ጋ ትሄዳለች። አጎቷ ያደርሳታል። ቅዳሜ ትወለውላለች። ታላቅ እህቷ እሑድ እሑድ ትመጣለች፤ አትጠይቅም፣ አታርምም። አስተባባሪዋ በእያንዳንዱ ላይ አንገቷን ትነቀንቃለች። መጨረሻው ደረስኩ። ወረቀቱ አለቀ። አፌ ግን አላለቀም።

«‹ታላቅ እህት ብትታመም ታናሽ እህት መጥታ ትጠይቃታለች›» አልኩ።

እንዲህ ያለ ማንም አልነበረም። አክስቴ ወንድማቸውን አዩ። ጋሼ ኮርኒሱን አየ፤ ኮርኒሱ ላይ ምንም ብየዳ የለም።

«ሁላችሁም ተስማምታችሁበታል?» አለች አስተባባሪዋ።

ቃሪያ አየችኝ። ብዙ አየችኝ። አንድ ቃል ብትናገር ያ ሁሉ ነገር እንደገና ይፈታል።

«ተስማምተናል» አለች።

አስተባባሪዋ ወረቀቱን ተቀብላ አገላበጠችው። «የመጨረሻው እዚህ ላይ የለም።»

«ጀርባው ላይ ልጽፈው ነበር» አልኩና ነጥቄ ጻፍኩት።

ደረጃውን ወርደን መንገድ ላይ ቆምን። የአክስቴ አውቶቡስ በዚህ በኩል ነው፣ የእኔ በዚያ ማዶ። የቃሪያን ልብስ ሰብስቤ ማታ ላመጣላት ስል «ነገ ራሴ መጥቼ እወስዳለሁ» አለች። ጋሼ ሞተሩን ሊያስነሣ ሄደ፤ አክስቴም ድንገት የሱቅ ዕቃ ማየት ጀመሩ፤ የሚያዩት ሱቅ የመኪና ጎማ የሚሸጥ ነው።

«ያልተባለ ጨመርሽ» አለችኝ ቃሪያ።

«የቱን?»

«እትዬ።»

«እሺ፣ ጨመርኩ። ታዲያ ለምን አላጋለጥሽኝም?»

ትከሻዋን ነቀነቀች። ለእኔ ነቀነቀችልኝ። «እንጃ። ብቻ ለመታመም እንዳትቸኩዪ።»

አውቶቡሱ መጣ። አክስቴን ክንዳቸውን ይዛ አስገባቻቸው፣ እሷም ገባች። የተቀመጠችው በወዲያኛው መስኮት በኩል ስለሆነ ከጀርባዋ በቀር አላየሁም። መንገዱን ተሻግሬ የራሴን አውቶቡስ ጠበቅሁ።

በማግስቱ ጠዋት ስነሣ ጉሮሮዬን ከርከር አደረገኝ። አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳልኩ፤ ሳሉ እንዳሰብኩት አልወጣ አለኝ። ሙቅ ውኃ ጠጥቼ ሥራ ገባሁ።